ከዋንዛው ውረድ የተባለው ሰው

ኡኬ አካባቢ ቀፎ ሲሰቀል የሚሠራ አንድ ሕግ አለ። ዛፍ ላይ ያለው ሰው ያዛል፤ መሬት ላይ ያለው ይታዘዛል። ከታች የቆመው ሰው ባለጠጋም ይሁን ባላባት፥ የወጣው ሰው ካልጠየቀው በቀር «በዚያ በኩል ያዝ»፥ «እግርህን ወዲህ አድርግ» አይልም። ከታች የሚመጣ ምክር የወጣውን ሰው ዓይን ከእጁ ላይ ያነሣዋል፤ ዓይኑ ከእጁ የተነሣ ሰው ደግሞ ይወድቃል።

ጨመዳ ይህን ሕግ ከአባቱ ተቀብሎ፥ ይኸው ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላም አዛዥ ነበር። ስንት እንዳለፈው በትክክል የሚያውቅ የለም። ጣሊያን ነቀምቴ ሲገባ ጎልማሳ እንደነበረ፥ ጣሊያን ከወጣም ሃያ ምናምን ዓመት እንደሆነው ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ስሌት ለፈለገ ሰው ይተዋል። ቀጭን ነው። እጁ ረዥም፥ መዳፉ እንደ ቆዳ የደረቀ፥ ሲራመድ ተረከዙን መሬት ላይ ብዙ የማያሳርፍ ሰው ነው። በየዓመቱ መስቀል አልፎ ተዳፋቱ ሁሉ በአደይና በኑግ አበባ ቢጫ ሲሆን፥ የቆዳ መጫኛውን ከግድግዳ አውርዶ ቅቤ ይቀባዋል። ያን ጊዜ ሚስቱ ድርቤ፥ «ሙሽራው ሊዘጋጅ ነው» ትላለች።

ብቻውን አይወጣም። ሦስት ጓደኞች አሉት፤ ሦስቱም እኩዮቹ ናቸው። ባቻ ገመዱን ይይዛል። በመንደሩ ነገር ሲበላሽ የሚፈለገው እሱ ነው፤ ቃል ለመስጠት የሚዘገይ፥ ከሰጠ በኋላ ደግሞ የማይነቃነቅ ሰው ስለሆነ ገመድም ሲይዝ እንደዚያው ነው። ሞረዳ ቀፎውን ንብ እንዲወደው በወይራ ጭስ ያጥነዋል። ቀኝ ጆሮው አይሰማም፤ ጓደኞቹ ግን የማይሰማው የሚስቱን ድምፅ ብቻ ነው እያሉ ያሙታል። ሦስተኛው ዓምደሚካኤል ነው። አባቱ ከጎጃም የመጣ ነጋዴ ነበር፤ እሱ እዚሁ ተወልዶ፥ እዚሁ አግብቶ፥ ኦሮምኛውን ከጎጃም አማርኛው ጋር ቀላቅሎ የሚያወራ ሰው ነው። የእሱ ሥራ ቀፎውን በሣርና በኮባ ቅጠል አልብሶ ማሰር ነው። የትኛው ቀን የማን በዓል እንደሆነ ስለሚያውቅም ዛፍ የማይወጣበትን ቀን እሱ ይወስናል። ሌሎቹ የወንጌል አማኞች ቢሆኑም በዚህ አይከራከሩትም። «የዓምዴ በዓል እኛንም ያሳርፈናል» ብለው አብረውት ይቀመጣሉ።

ቀፎው ከተሰቀለ በኋላ አራቱ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ድርቤ ቀቅላ የላከችውን አንጮቴ፥ ያን የአገሩን ሥራ ሥር፥ በቅቤ ይበላሉ። የሚያወሩት ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት ነው። ሞረዳ አንድ ጊዜ ቀፎውን አጥናለሁ ብሎ የራሱን ጋቢ እንዴት እንዳቃጠለ፥ ባቻ ገመዱን እንደያዘ እንዴት ንብ አፍንጫው ላይ ስታርፍበት ሳይነቃነቅ እንደቆመ፤ ሁሉም ያውቀዋል፥ ሁሉም እንደ አዲስ ይስቃል።

ዘንድሮ ግን ይህ ሁሉ ለጥቂት ሊቀር ነበር።

የጨመዳ ልጅ ተረፋ ነቀምቴ፥ ገበያው አጠገብ፥ የልብስ ስፌት ቤት አለው። ደግ ልጅ ነው። ክረምቱን እኔ ጋ ይክረሙ ብሎ አባቱን ወሰደው፤ በረንዳው ላይ መደገፊያ ያለው ወንበር አሠራለት፥ ወፍራም ካፖርት ሰፋለት። ጨመዳ ካፖርቱን ለብሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ውኃ ሊቀዳ ሲነሣ ምራቱ ቀለሟ «ይቀመጡ አባኮ» ትለዋለች፥ አባቴ ማለቷ ነው። የላላ የአጥር እንጨት ሊያጠብቅ ሲነሣ ልጁ «ይቀመጡ አባኮ» ይለዋል። በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቆሞ በአክብሮት እጅ ይነሣዋል፥ ከዚያ መንገዱን ይቀጥላል። ትንሽ ቆይቶ ጉልበቱ አበጠ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ እያለው ቀን ቀን ያንቀላፋ ጀመር። አንድ ቀን የዓምደሚካኤል ስም ጠፋበትና ከጠዋት እስከ ቀትር ሲፈልገው ዋለ። ስሙን ሲያገኘው ዓይኑ እንባ ሞላ። ጳጉሜ ሳታልቅ፥ ጎተራዬ ውስጥ አይጥ ገብቷል የሚል ምክንያት ፈጥሮ ወደ ቀዬው ተመለሰ።

መስቀል አልፎ የመጀመሪያውን ቀፎ ሲሰቅል ጉልበቱ ጮኸ። ሁለተኛውን ሲሰቅል ዝም አለ። ሦስተኛውን የሰቀለ ዕለት ራቱን በልቶ እንደ ሕፃን ተኛ፤ ጠዋት ሲነሣም ለድርቤ፥ «ሰውነቴን እዚያ ዛፍ ላይ ረስቼው ሄጄ ኖሯል» አላት።

ሦስተኛው ቀፎ ግን ሌላም ነገር አመጣ። ዛፉ ለመኪናው መንገድ ቅርብ ስለነበር አንድ የቅቤ ነጋዴ በጭነት መኪና ሲያልፍ አየው። ነጋዴው ነቀምቴ ሲደርስ ሱሪ ሊያሳጥር ተረፋ ቤት ገባና፥ ደንበኛ በተሰበሰበበት፥ አባትህን እንደ ጉሬዛ ዛፍ ላይ አየሁት፥ ልጁ ከተማ ቤት ሠርቶ እሱ በእርጅናው ማር ይለቅማል ወይ ብሎ ጠየቀው። ሰዎቹ ሳቁ። ተረፋ በዚያን ቀን የነጋዴውን ሱሪ አንዱን እግር ከሌላው አሳጥሮ ሰፋው ይባላል።

ጨመዳ ይህን የሰማው በኋላ ነው። እሱ ያየው ሌላ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አራተኛው ቀፎ ታጥኖ፥ ኮባ ለብሶ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፤ እሱ መጫኛውን እየጠቀለለ ጓደኞቹን ይጠብቃል። መጡ። ግን እንደ ሌላው ቀን ከሩቅ እየተሰዳደቡ አልመጡም። ተሰልፈው፥ ጋቢያቸውን አጣፍተው፥ በትራቸውን ይዘው መጥተው አጥሩ በር ላይ ቆሙ። ባቻ በእጁ እርጥብ ሣር ይዟል።

ጨመዳ ሣሩን ሲያይ መጫኛውን መሬት ላይ አስቀመጠ። በዚያ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ደጃፍ ከቆመ ልመና አለው ማለት ነው። ልመናው እሺ ሳይባል አይገባም፥ አይቀመጥም፥ ውኃም አይቀምስም። ሣር የያዘ ሽማግሌን እምቢ ብሎ የመለሰ ሰው ከዚያ በኋላ ቢቸግረው ማንን ይልካል? ማንስ ይሄድለታል?

«አካም ቡልቴ፥ ጨመዳ» አለ ባቻ፥ ሰሞኑን አብረው ቀፎ እንዳልሰቀሉ ሁሉ።

«ደህና አድሬአለሁ። ግቡ።»

«አንገባም።»

ሞረዳ መሬት መሬት ያያል። ዓምደሚካኤል ዝናብ የሚጠብቅ ይመስል ሰማዩን ያያል።

ባቻ የመጡበትን ጉዳይ ከመጀመሪያው ጀምሮ፥ አንድም ነገር ሳይዘል ተናገረ። ተረፋ ትናንት ከነቀምቴ መጥቶ ኡኬ ላይ ወርዷል። በአባቴ መንደር ቃላቸው የሚሰማ ሽማግሌዎች እነማን ናቸው ብሎ ጠይቋል። ሰው ሁሉ የሦስቱን ስም ነግሮታል። በየቤታቸው ሄዶ፥ ጫማውን አውልቆ፥ ሣር አስይዟቸዋል። ልመናው ይህ ነው፤ ጨመዳ ከዛሬ ጀምሮ ዛፍ አይውጣ፥ ነቀምቴ ልጁ ቤት ገብቶ ይረፍ።

ጨመዳ መጀመሪያ ሊስቅ ነበር። የባቻን ፊት ሲያይ ተወው። ነገሩ ገባው። ተረፋ ገና በልጅነቱ ስፌት ሊማር ነቀምቴ ገብቶ ስለቀረ ገመዱን ማን እንደሚይዝ፥ ቀፎውን ማን እንደሚያጥን አያውቅም። የጠየቀው የተከበሩ ሽማግሌዎችን ነው፥ የተከበሩት ደግሞ እነዚህ ሆኑ። እነሱም ሽምግልና ሲለመኑ እምቢ አይሉም፤ ሣር ከያዙ በኋላ ደግሞ «ነገሩ እኛንም ይነካናል» ብሎ ለአንዱ ወገን መከራከር ነውር ነው። ባቻ እንዲህ ያለውን ነውር በሕልሙም አያደርገውም። ልጁ አባቱን ከዛፍ ለማውረድ አብረውት ቀፎ የሚሰቅሉትን፥ የአባቱን የገመድ ጓደኞች ልኳል። አሁን ወጉ አራቱንም አንድ ላይ ጠፍሯቸዋል። እነሱ ሳይለምኑ አይሄዱም፤ እሱ እምቢ ብሎ አይመልሳቸውም።

«ዓምዴ፥ አንተም?» አለ ጨመዳ።

«እኔ የተላክሁ ሰው ነኝ» አለ ዓምደሚካኤል፥ ከሰማዩ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ።

ድርቤ በሩ ላይ ቆማ ታዳምጥ ነበር። «ሦስት ሽማግሌ አንዱን ሽማግሌ አርጅተሃል ሊለው መጣ» አለች። «እስቲ ንገሩኝ፥ ከእሱ ታናሽ የሆነው ማንኛችሁ ነው?»

ሞረዳ ቀስ ብሎ የማይሰማውን ጆሮውን ወደ እሷ አዞረ።

ተረፋ ከአጥሩ ጀርባ ብቅ ያለው ያን ጊዜ ነው። አርባውን አልፏል፤ ከስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብሎ የኖረ ወገቡ ሲቆምም ሙሉ በሙሉ አይቃናም። ከነቀምቴ ሲነሣ በጭንቀት ረስቶት የልብስ መለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። እናቱ ጉንጩን ስማ ሜትሩን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ለአባትህ ከፈን ልትለካ ነው የመጣኸው?»

ተረፋ አፍሮ ሜትሩን ኪሱ ከተተ። ባቻ፥ ልመና የላከ ሰው የልቡን በራሱ አፍ መናገር አለበት ብሎ ወደፊት አቀረበው። ተረፋ የነጋዴውን ነገር አላነሣም። ጨመዳ ሌላ ረዥም ንግግር ጠብቆ ነበር፤ ልጁ የተናገረው ግን አጭር ነው።

«አባኮ፥ ወድቀው ሞቱ የሚል መርዶ ስፌት ቤቴ ድረስ እንዲመጣብኝ አልፈልግም። ሌላ ነገር የለኝም።»

ድምፁ መጨረሻ ላይ ተሰበረ። ጨመዳ ውስጥ ሲንተከተክ የነበረው ቁጣ ወዴት እንደሄደ ጠፋ። ይህ ልጅ ሊያዘው ሳይሆን ፈርቶለት ነው የመጣው። የፈራን ሰው ደግሞ እንዴት አድርገው ይቆጡታል? ወደ ባቻ ሄዶ እጁን ዘረጋና ሣሩን ተቀበለ።

«እሺ» አለ። «ሰምቻለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ልመናቸው ሰመረ። ግን ፊታቸውን ያየ ሰው ከቀብር የመጡ ይመስሉት ነበር። ዓምደሚካኤል አፍንጫውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ሞረዳ ደጃፉ ላይ የተቀመጠውን ቀፎ አየና ቶሎ ዓይኑን መለሰ።

ጨመዳ ሣሩን መቀነቱ ውስጥ ሻጥ አድርጎ፥ እሺ ያለ ሰውም አንድ ቃል የመናገር መብት እንዳለው አስታወሳቸው። ልክ ነው፥ አለ ባቻ። ቃሉ ስለ ቀፎው ነበር። ቀፎው ታጥኗል፤ ሽታው ከውስጡ ሳይጠፋ ካልተሰቀለ ንብ አይገባበትም። አበባው ፈንድቷል። የተጀመረ ሥራ ደግሞ ደጅ ላይ አይቀርም። እኔ አልወጣም፥ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ግን ሥራዬን ያስቆመኝ ሰው ይህችን አንዷን ቀፎ ይስቀልልኝ፥ ከዚያ ካፖርቴን ይዤ እከተለዋለሁ አለ።

ይህን ሲል ልጁን ሊያዋርደው አስቦ አልነበረም። የታጠነ ቀፎ መሬት ላይ ማየት አይችልም፥ እውነቱ ይህ ነው። ሌላው እውነት ደግሞ፥ ተረፋ አንድ ጊዜ ብቻ እዚያ ቢወጣ ብሎ ተመኝቷል። ቢወጣ ምን እንደሚሆን ግን ራሱም አያውቅም።

ባቻ እንደ ልማዱ ብዙ ቆየ። ሁለቱን ጓደኞቹን ለየብቻ ጠየቀ። በመጨረሻ ጥያቄው አግባብ እንደሆነ ፈረደ። ተረፋ ፊቱ በራ፤ አባቱን የማጣት ፍርሃቱ በአንድ ቀፎ ሊያልቅ ነው። «በልጅነቴ ያልወጣሁት ዛፍ አለ እንዴ?» ብሎ ኮቱን አውልቆ ለእናቱ ሰጣት። ድርቤ ኮቱን ተቀብላ፥ «አንጮቴው እስኪበስል ብትወርዱ ጥሩ ነው» አለች። ጨመዳ ግን ዓይኗ ሲስቅ አየ።

ቀፎው የሚሰቀልበት ዋንዛ ከጅረቱ ማዶ ነው። ግንዱ ወፍራም፥ ከሰው ቁመት በላይ ቅርንጫፍ ሳያወጣ የሚረዝም፥ ከዚያ ሁለት ጊዜ እየተከፈለ ባላ የሚሠራ ትልቅ ዛፍ ነው። ሞረዳ ሕጉን ለተረፋ ነገረው፤ አንተ ታዛለህ፥ እኛ አንናገርም። ጨመዳ መጫኛውን በልጁ ወገብና በግንዱ ዙሪያ አዞረ። ከዚያ ከሦስቱ ጓደኞቹ አጠገብ ሄዶ ቆመ። በሕይወቱ እዚያ ቦታ ሲቆም የመጀመሪያው ነበር። ዛፉ ከዚያ ሲታይ ይረዝማል።

ተረፋ መጀመሪያ ደህና ወጣ። የመጀመሪያው ባላ ላይ ሲደርስ ላቡን ጠርጎ ወደታች ፈገግ አለ። ወደ ሁለተኛው ሲያመራ ሱሪው ከኋላው ተቀደደ፤ የመቀደዱ ድምፅ ለሞረዳ ሳይቀር ተሰማ። የሰፋው ራሱ ነበር። ማንም አልሳቀም፥ ሕጉ መሳቅን ይከልክል አይከልክል ግን እርግጠኛ አልነበሩም። ሁለተኛው ባላ ላይ ደርሶ እግሩን አሻግሮ ሊቀመጥ ሲል ወገቡ ያዘው። ግንዱን በሁለት እጁ አቅፎ፥ ጉንጩን ልጡ ላይ ለጥፎ ቀረ።

ጊዜ አለፈ። ከታች አራት ሽማግሌዎች አፋቸውን ዘግተው ቆመዋል። ጨመዳ ምን መደረግ እንዳለበት ያውቃል፤ እጆቹ በራሳቸው እየተንቀሳቀሱ አየር ላይ ግንድ ይይዛሉ። ሊናገር አፉን ሲከፍት ባቻ ክርኑን ያዘው። ያሳዘነው የልጁ መጨነቅ ብቻ አልነበረም። እዚያ ላይ፥ ሰው ሁሉ በሚፈራበት ቦታ፥ እሱ ሁልጊዜ የሚሰማውን ደስታ አሰበ፤ ያንን ሣሩን በመቀበል እንደሸኘው አሁን ገና ገባው። ነገ ካፖርቱን ይለብሳል። ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ የማን ስም ይጠፋበት ይሆን?

«አባኮ» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

«አቤት» አለ ጨመዳ፥ እንደ ታዛዥ።

«ይውጡልኝ።»

ጨመዳ መቀነቱ ውስጥ ያለውን ሣር ዳሰሰ፤ ገና እርጥብ ነው። ወደ ባቻ ተመለከተ። ባቻ አገጩን በትሩ ላይ አሳርፎ ዛፉንም ሰውየውንም አየ።

«ከላይ ትእዛዝ መጥቷል» አለ በመጨረሻ። «እዚህ ታች ደግሞ የተሰጠ ቃል አለ። ተረፋ! ሣሩን ያስያዝከን አንተ ነህ። አባትህ ይውጣ ካልክ ልመናህን አነሣህ ማለት ነው። የምታነሣው ለዛሬ ነው ወይስ ለሁልጊዜ?»

ተረፋ ግንዱን ይበልጥ አጥብቆ አቀፈ።

«መጀመሪያ ይውጡ» አለ ተረፋ። «ከዚያ እነግራችኋለሁ።»

«ያዛል እንጂ» አለ ሞረዳ በአድናቆት። «የአባቱ ልጅ ነው።»

ጨመዳ ሌላ ገመድ ወገቡ ላይ አዙሮ ግንዱን ያዘ። ልጡ መዳፉን አወቀው። ከዚያ በኋላ ያለውን እግሩና እጁ ያውቁታል፤ እሱ የሚያደርገው ነገር ቢኖር መተንፈስ ብቻ ነው። አንዱ እጅ ይይዛል፥ እግር ይከተላል፥ ገመዱ አንድ ክንድ ከፍ ይላል። ትከሻው ሞቀ። ጉልበቱ እንደ ተቀባ ማጠፊያ ያለ ድምፅ ታጠፈ። በወጣ ቁጥር አየሩ እየቀለለ፥ የአበባው ሽታ እየጠነከረ መጣ፤ ደረቱ ውስጥ ዘፈን የሚመስል ነገር ተነሣ፥ ግን አላወጣውም፥ ልጁ እንዳይደነግጥ።

ሁለተኛው ባላ ላይ ደርሶ ከልጁ ጎን ተቀመጠ። አልነካውም። አይዞህም አላለውም። ጀርባህን ግንዱ ላይ ጣል፥ ወንበር አድርገው፥ እግርህን ልቀቀው አለው። ተረፋ ቀስ እያለ እንደተባለው አደረገ። ወገቡ ተለቀቀ። ዓይኑን ሲከፍት አገሩ ሁሉ ከፊቱ ተዘርግቶ ነበር፤ ቢጫው ተዳፋት፥ የኡኬ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ፀሐይ ላይ ሲያበሩ፥ ወደ ነቀምቴ የሚሄደው መንገድ፥ መንገዱ ላይ ጢንዚዛ የምታክል የጭነት መኪና፥ ወዲያ ማዶ ደግሞ የአንገር ሸለቆ ሰማያዊ ሆኖ።

«ያንን መታጠፊያ ታየዋለህ?» አለ ጨመዳ። «ስፌት ልትማር የሄድክ ዕለት እዚህ ነበርኩ። እዚያ እስክትታጠፍ አየሁህ። ሳለቅስ ማንም አላየኝም።»

ተረፋ መታጠፊያውን ለረዥም ጊዜ አየ።

ቀፎውን አብረው ጎተቱት። ዓምደሚካኤል ከታች አስሮ ላከው፤ አባትና ልጅ እየተቀባበሉ አወጡት። ቅርንጫፉ ላይ አስተካክሎ ማሰሩን ተረፋ ራሱ ወሰደው። ጣቶቹ ክር ሲያስሩ የኖሩ ናቸው፤ ቋጠሮው ጥብቅና ቆንጆ ሆነ። ጨመዳ ጎተት ጎተት አድርጎ ሞከረውና ራሱን ነቀነቀ። እኔ ካሰርኳቸው ይሻላል፥ አለ በልቡ፥ ግን ይህን የሚነግረው አንጮቴው ሲበላ ነው፥ ሁሉም በሚሰማበት።

«ቢወድቁስ፥ አባኮ?» አለ ተረፋ።

ጨመዳ ለዚህ ጥያቄ ማታለያ መልስ ሊሰጠው አልፈለገም።

«ልወድቅ እችላለሁ» አለ። «ግን ክረምት አንተ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ የዓምዴን ስም ረሳሁት። ከጠዋት እስከ ቀትር። እዚህ ላይ አንድ ቀን ረስቼው አላውቅም።»

ዓምደሚካኤል ከታች ስሙ ሲጠራ ሰምቶ፥ «ምን አላችሁኝ?» ብሎ ጮኸ። ከታች ያለ ሰው አይጠይቅም ብሎ ሞረዳ ገሠጸው።

ተረፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ አንድ እጁን ከቅርንጫፉ ለቀቀና ከአባቱ መቀነት ውስጥ ሣሩን መዘዘው። ለትንሽ ጊዜ ያዘው። ጨመዳ የልጁን ጣቶች አየ። ጣቶቹ ተከፈቱ። ሣሩ እየተበተነ፥ እየተሽከረከረ በቅጠሉ መካከል ወረደ።

«ለሁልጊዜ ነው» አለ ተረፋ ወደታች።

ባቻ ጎንበስ ብሎ ሣሩን ከመሬት ለቀመ። የቀረ እንዳይኖር ዙሪያውን ፈለገ፤ ወግ በግማሽ አይነሣም። ለቅሞ ሲጨርስ ግን፥ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቀው የነበረው ፈገግታ ፊቱ ላይ መጣና ጓደኞቹ እንዳያዩበት ወደ ጅረቱ ዞረ። ዓምደሚካኤል አየበት።

«አንድ ነገር ግን አለኝ» አለ ተረፋ፥ ይህን ለአባቱ ብቻ። መጫኛው አርጅቷል፤ ቅቤ ቢቀባም መሐሉ ተሰንጥቋል። የጭነት መኪና የሚሸፈንበትን ሸራ ደርቦ፥ በድርብ ስፌት፥ ብረት ቀለበት ያለው ሰፊ ቀበቶ እሰፋለሁ፤ የሚቀጥለውን ቀፎ እሱን ታጥቀው ነው የሚሰቅሉት አለ። ጨመዳ ሰማና አሰበበት። ከአባቱ የተቀበለው መጫኛ ነው። ግን ልጁ ከልመና ወደ ስፌት መጥቷል፤ ይህም አንድ ነገር ነው።

«ሰፊ ይሁን» አለ። «ሆዴን እንዳይቆርጠኝ።»

«ሆድ የለዎትም እኮ።»

ተረፋ እጁን ኪሱ ከትቶ ሜትሩን አወጣ። አንዱን ጫፍ በአንድ እጁ ይዞ፥ ሌላውን በሌላ እጁ በአባቱ ጀርባ አዞረው። ልኩን እንዳይረሳ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በወገቡ ዙሪያ አጠጋግቶ ያዘ፤ ትንሽ ላላ አደረገ፥ እንደገና አጠበቀ። ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ግንባሩ ተጨማዷል። ሁለቱም እጆቹ ከዛፉ ላይ መነሣታቸውን አላወቀም።

ጨመዳ አየ። ግን አልነገረውም። ዝም ብሎ ክንዶቹን ከፍ አደረገለት።